የ12ኛ ክፍል ተፈታኝን ከመስከረም እስከ ውጤት ቀን እንዴት እንደግፍ? ለድሬዳዋ ወላጆችና መምህራን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው ክረምቱ ሲገባ ቢሆንም፣ የሚሠራው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው መፈተን ከጀመሩበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች ብቻ ናቸው። በእነዚህ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ካላለፉት ልጆች መካከል በክፍላቸው ከአንደኛ እስከ አምስተኛ እየወጡ፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር ሰርተፍኬት ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ የኖሩ ብዙዎች አሉ።

በድሬዳዋ ለዓመታት ሒሳብ ሳስተምር፣ በኋላም የራሴን ልጆች ሳስፈትን የታዘብኩት፣ ልጁ የት ላይ እንዳለ ትምህርት ቤቱም ቤተሰቡም በጊዜ ለመነጋገር ድፍረት እንደሚያንሳቸው ነው። መምህሩ ወላጁን ላለማስከፋት «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ቢበረታ» ይላል፤ ወላጁም ይህን ሰምቶ ቲቶሪያል ከፍሎ እፎይ ይላል። እውነቱ የሚታወቀው ውጤት ሲወጣ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች በሙሉ ይህን እውነት ወደ መስከረም ለማምጣት የታሰቡ ናቸው። ሐረር የሚኖሩ አንባቢዎችም ስለ ሙቀት ከተጻፈው በስተቀር ሁሉንም እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ በመስከረም የልጁን ትክክለኛ ደረጃ መለየት

ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ከተማሩት የተውጣጣ የመለያ ፈተና ሊሰጥ ይገባል። በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በአፕቲትዩድ ቢጀመር ይበቃል፤ እነዚህ ሦስቱ ለተፈጥሮ ሳይንስም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪዎች የጋራ ናቸው፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከ600 ከታሰበው ውጤት ውስጥም ግማሹን ይዘዋል። ውጤቱ ከክፍል ማርክ ጋር ፈጽሞ መደመር የለበትም። ማርክ የሚያስገኝ ከሆነ ልጆቹ ይኮራረጃሉ፤ ተኮራርጆ የመጣ ቁጥር ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

የክፍል ማርክ የቤት ሥራን፣ የቡድን ሥራንና የደብተር አያያዝን ያካትታል፤ ብሔራዊው ፈተና ግን አንዱንም አይቆጥርም። ስለዚህ በካርዱ ላይ በሒሳብ 84 ያለው ልጅ በመለያ ፈተናው 31 ቢያመጣ ወላጁ መምህሩን በውሸት መክሰስ የለበትም፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ወላጁ ሊይዘው የሚገባው ግን 31ዱን ነው።

ደረጃ 2፦ ልጁ ባለበት መነጋገር

በተለመደው የወላጆች ስብሰባ ሁለት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ዩኒፎርምና ስለ አርፋጆች ይወያያል። ያም ቢሆን አስፈላጊ ነው፤ ለተፈታኝ ግን አይበቃም። የሆምሩም መምህሩ፣ ወላጁና ልጁ ሦስት ሆነው ለሃያ ደቂቃ የሚቀመጡበት ቀጠሮ በዓመቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢኖር ይመረጣል፦ በጥቅምት፣ ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላና በሚያዝያ። ተፈታኞቹ ብዙ ከሆኑ የወላጅ መምህር ኅብረቱ መምህራኑን በቡድን ከፍሎ ሥራውን ማቃለል ይችላል።

የቀጠሮው ሰዓት ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ጠዋት በአራት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ላይ ከፊራ ወይም ታይዋን ገበያ የምትሸጥ እናት አትገኝም። ከምሳ በኋላ ከተጠራ ደግሞ፣ በግልጽ እንነጋገርና፣ ግማሾቹ አባቶች በርጫ ላይ ናቸው። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት የተሻለ ሆኖ ያገኘነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ገበያውም ሙቀቱም ሳይጀምር ነበር። አማርኛ ለሚከብዳቸው ወላጆች በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የሚያስረዳ መምህር አስቀድሞ መመደብ አለበት። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም፤ የራሱን ክስ ራሱ የሚተረጉም ልጅ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚዘልል ማንም ይገምታል።

በንግግሩ ወላጁ «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ደህና ነው» ይሆናል። «በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ምዕራፍ ነው የሚወድቀው? ከየትኛው ክፍል ጀምሮ ነው የጎደለው? ይህን ለመሙላት እናንተ ምን ትሠራላችሁ፣ እኛስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መምህሩ ማስታወሻውን ለመክፈት ይገደዳል። የተስማሙበት በአንድ ገጽ ተጽፎ ሦስቱም ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ ቤት ይሂድ።

ደረጃ 3፦ የጥናት ሰዓቱን ከሙቀቱ ጋር ማስማማት

ከአዲስ አበባ የተቀዳ የጥናት ፕሮግራም ለድሬ አይሆንም። ከግንቦት ጀምሮ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲወጣ፣ ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊዚክስ ላጥና የሚል ልጅ የሚያጠናው ላቡን ነው። መብራት ከጠፋና ቬንትሌተሩ ከቆመ ደግሞ መጽሐፉን ማራገቢያ ያደርገዋል። ስለዚህ ቀኑን በሁለት ጫፎቹ መጠቀም ያስፈልጋል።

የሚከተለው አከፋፈል በብዙ ቤቶች ሲሠራ አይቻለሁ። ልጁ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል ከባዱን ትምህርት፣ ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ፣ ይሠራል። በሙስሊም ቤቶች ይህ ሰዓት ከፈጅር ሶላት ጋር ስለሚገጥም መነሣቱ አዲስ ልማድ አይሆንም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳውን በልቶ ለአርባ ደቂቃ ያህል ይተኛል። ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። በአራት ሰዓት መተኛት አለበት። ይህ በቀን ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለ36 ሳምንታት ቢሰላ 648 ሰዓት ይሆናል። በግንቦት ወር ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ይህን የሚያህል ጊዜ መሰብሰብ የሚችል ሰው የለም።

ቤተሰቡ የሚያበረክተው ጸጥታን ነው። በአንድ ክፍል አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት የራስ ክፍል መጠየቅ ቅንጦት ነው፤ ነገር ግን ማታ ለሁለት ሰዓት ቴሌቪዥኑን ማጥፋት፣ ታናናሾቹን ወደ አያታቸው መላክ፣ ልጁን በዚያ ሰዓት ወደ ሱቅ አለማዘዝ ይቻላል። በተለይ ሴት ልጆች ላይ እንጀራ መጋገሩም፣ ውሃ መቅዳቱም፣ እንግዳ ማስተናገዱም ስለሚከመር፣ ወንድሟ ያላትን ሰዓት እርሷም ማግኘቷን ቤተሰቡ በቁጥር ማረጋገጥ ይኖርበታል። ቤቱ ፈጽሞ የማይመች ከሆነ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል እስከ ምሽት ክፍት አድርጎ ዘበኛና አንድ መምህር ሊመድብ ይችላል፤ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

በረመዳንና በዐቢይ ጾም ሰዓቱ ይሸጋሸግ እንጂ አይሰረዝ። ለጿሚው ከሱሁር በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከማንኛውም የቀን ሰዓት የተሻለ ነው።

ደረጃ 4፦ የስህተት ደብተር

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። የስህተት ደብተር ማለት ልጁ በወርክሺት፣ በክፍል ፈተናና ባለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ላይ የተሳሳተውን ብቻ የሚጽፍበት ባለ 50 ቅጠል ተራ ደብተር ነው። ገጹ በሦስት ይከፈላል፦ ጥያቄው፣ የተሳሳትኩበት ምክንያት፣ ትክክለኛው አሠራር። ቁም ነገሩ ያለው በመካከለኛው ዓምድ ነው።

አንድ ተማሪዬ የሎጋሪዝም ጥያቄ ሠርቶ 4 እና ነጌቲቭ 2 የሚሉ ሁለት መልሶች አገኘ። ከምርጫዎቹ መካከል ሁለቱንም የያዘውን አጠቆረ። በመካከለኛው ዓምድ ላይ «አላወቅኩትም» ብሎ ጻፈ። አጠገቡ ተቀምጬ እንደገና ሲሠራ ሳየው ግን ሥሌቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ያገኛቸውን ቁጥሮች ወደ ጥያቄው መልሶ አለማስገባቱ ነው። ነጌቲቭ 2ን ቢያስገባ ኖሮ የነጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም እንደማይኖር ያስታውስና ይጥለው ነበር። ከ«አላወቅኩትም» በታች «ጨረስኩ፣ ግን አልፈተሽኩም» ብሎ እንዲጽፍ አደረግሁት። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ስንቆጥር «አልፈተሽኩም» የሚለው ቃል አሥራ ሰባት ጊዜ ተጽፎ ነበር። «ቲቸር፣ አቦ እኔ ሒሳብ አልከበደኝም ማለት ነዋ!» አለኝ። አዎን፤ የከበደው ወደ ጥያቄው ተመልሶ መፈተሽ ነበር።

ስህተቶቹ ብዙውን ጊዜ በአራት ይመደባሉ፦ ትምህርቱን አለማወቅ፣ ጥያቄውን በትክክል አለማንበብ፣ የሥሌት ስህተትና የሰዓት እጥረት። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ሁለተኛው ዓይነት በእኛ ከተማ ልጆች ላይ ይበዛል። ልጁ ቤቱ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቋንቋ እየተናገረ ያደገ ቢሆንም እንግሊዝኛውን የሚያገኘው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» የምትል አንዲት ቃል ሳያይ አልፎ፣ ትክክል ያልሆነውን ምረጥ ሲባል ትክክል የሆነውን ያጠቁራል። መፍትሔው እነዚህን ቃላት ባየ ቁጥር በእርሳስ እንዲከብ ማስለመድ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እጁ በራሱ ይሠራዋል።

ያልተማረ ወላጅም በዚህ ደረጃ ላይ ሙሉ ድርሻ አለው። እሑድ ማታ «ደብተርህን አምጣና የዚህን ሳምንት ስህተቶች አስረዳኝ» ማለት ሎጋሪዝም ማወቅን አይጠይቅም። ልጁ ለእናቱ ሲያስረዳ ይማራል፤ ማስረዳት ያቃተውን ደግሞ ሰኞ ወደ መምህሩ ይዞ ይሄዳል።

ደረጃ 5፦ ሞዴል ፈተና

ሞዴል ፈተና በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቢሰጥና እንደ እውነተኛው ቢካሄድ ይመረጣል፦ ወንበር ተራርቆ፣ ስልክ ተሰብስቦ፣ ሰዓቱ ሳይራዘም፣ መልሱ በመልስ መስጫ ወረቀት ላይ በእርሳስ እየጠቆረ። ጥያቄውን ጨርሶ ወደ ወረቀቱ በመጨረሻ የሚገለብጥ ተማሪ አንድ ቁጥር ከዘለለ የቀረው ሁሉ እንደሚዛባበት እዚሁ ይማር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ስለሚፈተኑ፣ ኮምፒውተር ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አንዱን ሞዴል በማያ ገጽ ላይ ቢሰጥ፣ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ በፈተናው ቀን ከመሣሪያው ጋር አይታገልም።

ውጤቱ በግድግዳ ላይ በደረጃ መለጠፍ የለበትም። ለልጁና ለወላጁ በእጅ ይሰጥ፤ ከመስከረሙ ጋር ይነጻጸር። ከ31 ወደ 44 የመጣ ልጅ ገና አላለፈም፤ ይሁን እንጂ መንገዱን ይዟል፤ ሁለቱንም እኩል ልንነግረው ይገባል።

ደረጃ 6፦ ጫትና እንቅልፍ

በድሬዳዋና በሐረር ስለ ተፈታኞች ተጽፎ ጫት ካልተነሣ ጽሑፉ ጎደሎ ነው። ብዙ ልጆች መቃም የሚጀምሩት በዚሁ ዓመት፣ «ለጥናት» በሚል ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብም እያወቀ ያልፈዋል። ጫት እንቅልፍን እንደሚያባርርና ምርቃናው ላይ ሁሉም ነገር የገባው እንደሚያስመስል አይካድም። ችግሩ ቀጥሎ ነው። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ እንቅልፍ እስከ ንጋት እንቢ ይላል፣ በማግስቱም ልጁ ክፍል ውስጥ ፈዞ ይቀመጣል። እያጠና ያስቀመጠው ትምህርት የሚረጋው በእንቅልፍ ውስጥ ስለሆነ፣ እንቅልፉን ሽጦ የገዛው ሰዓት ኪሳራ ነው። ከሁሉም የሚከፋው የፈተናው ሳምንት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጫት የለም። ለወራት ቅሞ ያጠና ልጅ በሐራራና በዱካክ መካከል ሆኖ ይፈተናል።

ስለዚህ የሚቅም አባት ልጁን «አትቃም» ከማለቱ በፊት ቢያንስ በርጫውን ልጁ ከሚያጠናበት ቤት ማውጣት ይኖርበታል። ጀምሮ የተገኘን ልጅ መደብደብ ወደ ጓደኞቹ መቃሚያ ቤት ከመግፋት በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም። ቢቻል ከፈተናው ወራት አስቀድሞ፣ ቀስ በቀስ፣ የጥናት ሰዓቱን ወደ ንጋት በማዞር እንዲተው መርዳት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ማታ መንቃት አያስፈልገውምና ምክንያቱ ይጠፋበታል። የነቃ ሌሊት የለመደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብት ይለዋል፣ ይነጫነጫል፤ ቤተሰቡ ይህን ስንፍና ብሎ እንዳይሰድበው።

ጤናን በተመለከተ አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ ልጨምር። የደንጊና የቺኩንጉንያ በሽታዎች በከተማችን በተደጋጋሚ ተከስተዋል፤ የሚያስተላልፈው ትንኝ ቀን ቀን የሚናከስ ሲሆን በቤት በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ላይ ይራባል። በርሜሉን መክደንና በየሳምንቱ ማጠብ፣ ከቀን እንቅልፉም ላይ አጎበር መዘርጋት የተፈታኙ ቤት ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ «ፈተናው ወጥቷል» የሚለው ወሬ

በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጭቶ ፈተናው መቋረጡን የሚያስታውስ ሁሉ በየዓመቱ ያንኑ ይጠብቃል። ግንቦት ሲገባ በቴሌግራም «የዘንድሮ ፈተና አለን» የሚሉ ቻናሎች ይበዛሉ፤ ገንዘብ ከተላከላቸው በኋላ ይጠፋሉ፣ ወይም የድሮ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይረው ይልካሉ። የልጁ ብር መጥፋቱ ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሲጠብቅ ማጥናት ይተዋል። ትምህርት ቤቱ ይህን በሰልፍ ላይ በግልጽ ይናገር፤ ወላጅም ልጁ ድንገት መቶ ወይም ሁለት መቶ ብር ለ«ሀንድአውት» ሲጠይቅ ወረቀቱን ልየው ይበል።

ደረጃ 8፦ ወደ ፈተና ጣቢያ መላክ

መግቢያ ካርዱ እንደደረሰ ስም፣ የአባት ስም፣ ፎቶና የትምህርት መስክ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር በዚያው ዕለት ይመሳከር። አንድ ፊደል ብትሳሳት ማስተካከያው ከፈተናው በፊት ይቀላል።

ቦርሳው ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው፦ ካርዱና መታወቂያው፣ እርሳሶች፣ ላጲስና መቅረጫ፣ ቅያሪ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሳሙና፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ እርሱ፣ ለሴት ልጅ ሞዴስ። ስልክና ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቤት ይቀራል። ወደ ሐረማያ የሚሄድ ልጅ ጃኬትና ብርድ ልብስ ይያዝ፤ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ስትሆን ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች። በቲሸርት ወጥቶ የደንገጎን ዳገት የጨረሰ ልጅ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ወላጆች ግቢ ስለማይገቡ፣ ከቤት ውጭ አድሮ ለማያውቅ ልጅ አስቀድሞ አንድ ሁለት ሌሊት ዘመድ ቤት ማሳደር ይጠቅማል። ትምህርት ቤቱም አብሮ የሚሄድ መምህር ስልክ ቁጥር ለወላጆች ይስጥ።

በሽኝት ቀን «እንዳታሳፍረን» ማለት አይገባም። እኔ ለትልቁ ልጄ ይህችኑ ቃል ብዬው ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ፈተና የሠራው እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር የነገረኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለታናሽ እኅቱ «ስትመለሺ ምን ልሥራልሽ?» አለቻት እናቷ፤ ሳምቡሳ አለች፣ ሄደች።

ደረጃ 9፦ የውጤት ቀን

ውጤት ከመውጣቱ በፊት፣ ልጁ የሚያመጣው ምንም ቢሆን ቀጣዩ መንገድ ምን እንደሆነ ወላጆች ተነጋግረው ይወስኑ፦ ካለፈ የመስክ ምርጫ፣ ለሪሚዲያል (50 በመቶ ሳያመጡ ለተመረጡ ተማሪዎች ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ከበቃ እርሱ፣ ካልሆነ ቴክኒክና ሙያ ወይም በግል እንደገና መፈተን። ውጤቱ በስልክ የሚታይ በመሆኑ ልጁ ብቻውን፣ በር ዘግቶ፣ ሌሊት እንዳያየው አንድ ሰው አብሮት ይሁን። ጎረቤት ሲጠይቅ የሚመልሰው ልጁ ራሱ የፈለገውን ያህል ነው። ምግብ እንቢ ካለ፣ ከሰው ከተለየ ወይም ስለ መሞት ካወራ ነገሩ የውጤት ጉዳይ አይደለምና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከዚያ ሳምንት በኋላ፣ ረጋ ሲል፣ የመለያ ፈተናውን ገጽና የስህተት ደብተሩን ይዞ ወደ ሆምሩም መምህሩ ይሂድ። ሊደግም ካሰበ ከየት እንደሚጀምር እዚያ ተጽፏል፤ አልፎ ከሆነም ደብተሩን ለቀጣዩ ዓመት ተፈታኝ ያውሰው፤ ብቻ ስሙን ከሽፋኑ ላይ ይገንጥለው።